እጅ እስኪለምድ፦ ከደብረ ብርሃን ወርክሾፕ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት መጀመሪያ

የምንሠራው የኦፕሬተር መለማመጃ ነው። ኮንትሮል ሩም ገብተው መሥራት የሚፈልጉ ወጣቶች ከመቀጠራቸው በፊት እጃቸውን የሚያፍታቱበት። እውነተኛ ውሃ፣ እውነተኛ ሙቀት፣ እውነተኛ መዘግየት እንዲኖረው ወስነናል። በስላይድ ማስተማሩማ ቀላል ነው። ግን በስላይድ ብቻ የተማረ ልጅ ማዞሪያ ፊት ሲቀመጥ እጁ ይርበተበታል።

አብረውኝ የሚሠሩት ዕድሜያቸውን በቦይለር (ውሃ አፍልቶ ለፋብሪካ እንፋሎት የሚሰጥ ማሽን) ኦፕሬተርነት ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እኔ የኤሌክትሪክ ሰው ነኝ። ሽቦውና ሴንሰሩ የእኔ፣ ልጆቹን ማየትና ማረም የእሳቸው።

ደብረ ብርሃን በአሁኑ ጊዜ የፋብሪካ ከተማ ናት። ድሮ የምትታወቀው በብርድ ልብስ ነበር። አሁን ቢራው አለ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። ለሚ ላይ ደግሞ ግዙፉ የሲሚንቶ ፋብሪካ ሥራ ጀምሯል። የሰሜን ሸዋ ልጆች ዲፕሎማና ዲግሪ ይዘው በየበሩ ያመለክታሉ። ፊዚክሱን ያውቁታል። የሚጎድላቸው ሌላ ነው። አሁን የነካሁት ነገር መቼ ነው መልስ የሚሰጠኝ? ይህን በእጃቸው አያውቁትም።

የሲሚንቶ ምድጃን ውሰዱ። ውስጡ ያለው ቁስ ወደ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። እዚያ ገብቶ የሚያይ ሰው የለም። ኦፕሬተሩ የሚያየው ምልክቶችን ነው። ምድጃውን የሚያሽከረክረው ሞተር ስንት አምፒር ይጎትታል? የሚወጣው ጋዝ ውስጥ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ነበልባሉ ካሜራው ላይ ምን ይመስላል? ቁሱ በደንብ ሲበስል ይጣበቃል። ግድግዳውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሞተሩም ይከብደዋል። ክሊንከሩ፣ ማለትም ከምድጃው የሚወጣው የሲሚንቶ ጥሬ ቁስ፣ መብሰሉን የሚያረጋግጠው የላብራቶሪ ውጤት ግን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። እስከዚያ ብዙ ቶን አልፏል። ስለዚህ ጥሩ ኦፕሬተር አሁን ስክሪኑ ላይ ካለው ቁጥር ይልቅ ቆይቶ የሚመጣውን እያሰበ ነው የሚነካው።

ይህ ችሎታ ከየት ይመጣል? መለማመጃውን የምንሠራው ለዚህ ጥያቄ ነው።

ጥቅምት አጋማሽ

የመጀመሪያው ዕቃ ቆመ። 20 ሊትር ውሃ የያዘ የድግስ ብረት ድስት ነው። ውስጡ 2 ኪሎዋት ሂተር አለ። ኃይሉን በእጅ የሚቀንስና የሚጨምር ዲመር ገጠምንለት። ኧርዙንና ብሬከሩን ሁለት ሰው ካላየው ማንም አይነካውም። ውሃና 220 ቮልት አንድ ላይ ሲሆኑ ቸልታ አይገባም።

ሴንሰሩን በቀጥታ ውሃው ውስጥ አልከተትነውም። ወፍራም የብረት ቱቦ ውስጥ አስገባነው። ፋብሪካ ውስጥም ብዙ የሙቀት ሴንሰር እንዲህ ተሸፍኖ ነው የሚቀመጠው፣ እንዳይበላና እንዳይሰበር። ዋጋው መዘግየት ነው። ውሃው ከሞቀ በኋላ ቱቦው እስኪሞቅ፣ ከዚያ ሴንሰሩ እስኪነቃ ይቆያል። ማማሰያም አላደረግንም። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ያለፈ ወሬ እንዲሆን ነው የፈለግነው።

ሒሳቡ ይህ ነው። ሂተሩ ሙሉ ኃይሉን ቢሰጥ 20 ሊትር ውሃን 1 ዲግሪ ለማሞቅ 42 ሰከንድ አካባቢ ይፈጅበታል፣ የሚባክነውን ሙቀት ሳንቆጥር። ቀርፋፋ ነው። ግን የሚያስቸግረው ቀርፋፋነቱ አይደለም። ዝም ያለ መምሰሉ ነው። አንድ ነገር ታደርጋለህ፣ ምንም አይለወጥም። ሌላ ትጨምራለህ። ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ ይመጣብሃል።

ሥራው ግልጽ ነው፦ 60 ዲግሪ ላይ አድርሰህ ያዘው።

ጥቅምት መጨረሻ

ልጆቹ መጡ። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ያው ነው የሆኑት። ቁጥሩ 60 እስኪደርስ ሙሉ ኃይል፣ 60 ሲል መዝጋት። ቁጥሩ ግን አይቆምም። 61፣ 63፣ 64 እያለ ይሄዳል። ያኔ ድንጋጤ ይመጣል፣ ዲመሩ ዜሮ ላይ ይቀራል። ወርክሾፓችን ብርድ ነው፣ ድስቱም ክዳን የለውም። ውሃው ቀስ እያለ ይወርዳል። 59 ሲል እንደገና ሙሉ ኃይል። ወረቀት ላይ ሲሣል ወጣ ገባ ተራራ ነው።

ክሮስማን እና ኩክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጡት ጥናት ይህንኑ ነው የሚያሳየው። ሰዎች ውሃ የያዘ ገንዳ ሙቀቱን በእጅ እንዲቆጣጠሩ አደረጉ። ጀማሪው ቁጥሩን እያሳደደ ይወዛወዛል። የለመደው ሰው ግን ጥቂት ጊዜ ነው የሚነካው። አንድ ትልቅ እርምጃ ይወስዳል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ሊያቆየው የሚችለው ቦታ ላይ ያሳርፈዋል። የተማረው ገንዳው እንዴት እንደሚመልስለት ነው።

ጋሼ አንድ ሕግ አወጡ። ማዞሪያውን ከመንካትህ በፊት ደብተር ላይ ሦስት ነገር ጻፍ። ምን ላደርግ ነው? ምን እንዲሆን እጠብቃለሁ? በስንት ደቂቃ? ልጆቹ ሁለቱን ይጽፉና ሦስተኛውን ይዘሉታል። ጋሼ ደግሞ ሦስተኛው ከሌለ እጃቸውን ይይዛሉ። "ደቂቃውን ካላወቅህ ገና አላየኸውም" ነው የሚሉት።

ኅዳር፣ ከሚካኤል በኋላ

ማወክ ጀመርን። ውሃው 60 ላይ ሲረጋ አንዳችን ሳንናገር 2 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ከጆግ እንጨምራለን። ጠዋት ጠዋት የቧንቧችን ውሃ 12 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሲቀላቀል ሙቀቱ ከ4 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። ስክሪኑ ግን ወዲያው አይነግርህም።

ከአንኮበር በኩል የመጣች አንዲት ልጅ አለች። ጆጉን እንዳየች፣ ቁጥሩ ገና ሳይነቃነቅ፣ ዲመሩን ከፍ አደረገች። ከዚያ 57 ላይ ቀነሰች። ቀሪው 3 ዲግሪ በራሱ መጣ፣ 60 ላይ አረፈ። ሌሎቹ ከበው አዩዋት። እንዴት አወቅሽ አልኳት። "እንጀራ ስጋግር ምጣዱ እስኪያር ጠብቄ ነው እንዴ እንጨቱን የምጎትተው?" አለችኝ። ደብተሯን አየሁት። "3 ደቂቃ" ብላ ጽፋ ነበር። የፈጀው ከዚያ ትንሽ በልጦ ነው።

ሁለት ነገር ነው ያደረገችው። የሚረብሸውን ነገር ከምንጩ አየች፣ ውጤቱን አልጠበቀችም። ደግሞም ቀድማ ለቀቀች። አብዛኛው ጀማሪ የመጀመሪያውን ቶሎ ይማራል። ሁለተኛው ላይ ነው ብዙ ጊዜ የሚፈጀው። ነገሩ ገና ሳይደርስ እጅህን ማንሳት ልብ ይጠይቃል።

ኅዳር መጨረሻ

ውርጭ። ጠዋት ውጭ ያደረ በርሜል ላይ ስስ በረዶ ይዟል። ክፍሉ ስለቀዘቀዘ 60ን ለመያዝ የሚያስፈልገው ኃይል ጨምሯል። ባለፈው ወር የተጻፈው የዲመር ቦታ ዛሬ አይሠራም። ይህን ለልጆቹ አልነገርናቸውም። ራሳቸው ደረሱበት። ቦታ መሸምደድና ጠባይ ማወቅ እንደሚለያዩ እንዲህ ነው የሚገባው።

አንዱ ልጅ ዛሬ 95 ዲግሪ አደርሰዋለሁ አለ። ተወው አልን። ቁጥሩ 90 አካባቢ ሲደርስ ቆመ። ሙሉ ኃይል፣ ምንም። ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብሎ ሊነቅለው ተነሣ። ጋሼ ድስቱን አሳዩት። ይንተከተካል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ 100 ዲግሪን አይጠብቅም፣ 90 አካባቢ ላይ ይፈላል። የጨመረው ኃይል ሁሉ እንፋሎት ሆኖ ነው የወጣው።

ይህን የጻፍኩት ለጨዋታ አይደለም። ማኑዋል ከባሕር ዳርቻ አገር ተጽፎ ይመጣል። ማሽኑ ግን እዚህ ነው የሚሠራው። ክፍት ታንክ፣ የፓምፕ መሳቢያ፣ የአየር ማራገቢያ፣ የነዳጅ ቃጠሎ፣ ሁሉም ከፍታው ይነካቸዋል። አየሩ ስስ ነው። ያንኑ ነዳጅ ለማቃጠል በመጠን ብዙ አየር መግፋት አለብህ። የማኑዋሉን ቁጥር ከቦታው ጋር ማስታረቅ የኦፕሬተሩ ሥራ ነው።

ታኅሣሥ መጀመሪያ

ድስቱ ሥራ ሲበዛበት ወረፋ የሚጠብቁት ላፕቶፕ ላይ እንዲጫወቱ አንድ ነገር ሠራሁ። ሐሳቡ የእንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዶናልድ ብሮድቤንት ነው። የእሱ የስኳር ፋብሪካ ነበር፣ እኔ ብርድ ልብስ አደረግሁት። ተጫዋቹ በየዙሩ ስንት ሠራተኛ እንደሚያስገባ ይወስናል። ምርቱ 9,000 ላይ እንዲረጋ ይፈለጋል። ሲጀምር 600 ሠራተኛ፣ 6,000 ምርት ነው።

ከጀርባው ያለው ሕግ አጭር ነው። የሠራተኛውን ቁጥር በመቶዎች ቆጥረህ (900 ሲሆን 9) በ2 አባዛ፣ ያለፈውን ዙር ምርት በሺህ ቆጥረህ ቀንስ፤ የሚተርፈው የዚህ ዙር ምርት ነው፣ በሺህ። ትንሽ ዕድልም አለበት፣ አንድ ሺህ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች። ዕድሉን ብንተወው፣ 900 ሠራተኛ አስገብተህ ብትቀመጥ ምርቱ 12,000 ይሆናል። የሚቀጥለው ዙር 6,000። እንደገና 12,000። አንተ ምንም ሳትነካ ፋብሪካው ይወዛወዛል። ልጆቹ "አብዷል" ይላሉ። አላበደም፣ ያለፈውን ያስታውሳል።

ዳያን ቤሪ እና ብሮድቤንት እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ሥራ ሰዎች በልምምድ ይህን ፋብሪካ መያዝ ይችላሉ። ስለ አሠራሩ ሲጠየቁ ግን መልስ የላቸውም። ሕጉን በቃል ያስረዷቸው ደግሞ ጥያቄውን ይመልሳሉ፣ ፋብሪካውን ግን ከሌላው የተሻለ አይዙም። ለውጥ የመጣው ማብራሪያውን ሰምተው እያንዳንዱን ውሳኔ ለምን እንደወሰኑ እየተናገሩ ሲሠሩ ነው። ይህን ሳነብ የጋሼ ደብተር ትዝ አለኝ። እሳቸው ጥናቱን አያውቁትም። ከቦይለሩ ነው ያገኙት።

እኛም ጋ ያው ታየ። አንዱ ልጅ 9,000 ላይ አሪፍ አድርጎ ይዞታል። እንዴት ሲባል "እንጃ፣ ይታወቀኛል" አለ። ይህ ችሎታ እውነተኛ ነው፣ አልንቀውም። ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ፈረቃ ሲቀያየር ለሚተካው ምን ይነግረዋል? ያልተነገረ ዕውቀት ከሰውየው ጋር ጡረታ ይወጣል። ጋሼ ራሳቸው ከፋብሪካ ሲወጡ ከልባቸው የጠየቃቸው ሰው እንዳልነበረ በሐዘን ነው የሚያወሩት። ስለዚህ ልጁን ተናገር እያልን ነው የምናጫውተው። መጀመሪያ ቀነሰ። አሁን ከበፊቱ በልጧል፣ ለሌላውም ያስረዳል።

ታኅሣሥ አጋማሽ

ዛሬ የጋሼ ቀን ነው። የቦይለርን ትልቁን ወጥመድ ማሳየት ይፈልጋሉ። ፋብሪካው ድንገት ብዙ ስቲም ሲስብ የቦይለሩ ግፊት ይወርዳል። ግፊት ሲወርድ ውሃው ውስጥ ያሉት የእንፋሎት አረፋዎች ይሰፋሉ፣ አዳዲስም ይፈጠራሉ። ውሃው ያብጣል። ጎኑ ላይ ያለው መስታወት ውሃ በዛ ይላል። እውነቱ ግን ውሃው እየወጣ ነው። ያልነቃ ኦፕሬተር በዛ ብሎ የሚገባውን ውሃ ይዘጋል። ቆይቶ አረፋው ሲረግብ ውሃው ከሚገባው በታች ይገኛል። ውሃ ያነሰው ቦይለር ቱቦውን ያቃጥላል፣ ከባሰም ይፈነዳል።

ቦይለር ሠርተን ግፊት ልናስገባ አንችልም። ስለዚህ በአየር አሳየነው። ረጅም ጠባብ የፕላስቲክ ቱቦ አቁመን ውሃ ሞላንበት። ከሥሩ በመርፌ የተበሳሳ ቀጭን ጎማ አስገባን፣ ሌላው ጫፍ ላይ የብስክሌት ፓምፕ። ከሥር ውሃ በቀጭኑ የሚያንጠባጥብ ቀዳዳ አለ። ሁሉም ነገር ሚዛን ላይ ተቀመጠ።

አንዱ ፓምፑን ይነፋል፣ ሌላው መስታወቱን (እዚህ ቱቦውን) ያያል፣ ሦስተኛው ሚዛኑን። አረፋው ሲበዛ የውሃው አፍ በማርከር ካሰመርነው መስመር በላይ ወጣ። "ጨመረ!" አለ መስታወቱን የሚያየው። "ቀነሰ!" አለ ሚዛኑን የሚያየው። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። ጋሼ ፓምፑን አስቆሙት። አረፋው ጠፋ፣ ውሃው ከመስመሩ በታች ወረደ። ወርክሾፑ ውስጥ እንደዚህ ቀን ጸጥታ ሆኖ አያውቅም።

ከዚያ የስሪ ማይል አይላንድን ነገር ነገርኳቸው። አሜሪካ ፔንስልቬኒያ ያለ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ነው፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979። ግፊት የሚያስተነፍስ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። ሰሌዳው ላይ ያለው መብራት ግን የሚያሳየው ቫልቩ እንዲዘጋ መታዘዙን ብቻ ነበር፣ መዘጋቱን አያውቅም። ውሃው በቫልቩ እየወጣ ሳለ ኦፕሬተሮቹ የሚያዩት የውሃ መለኪያ ከፍ ብሎ ነበር። በዛ ብለው የሚገባውን የማቀዝቀዣ ውሃ ቀነሱ። ቫልቩ ከሁለት ሰዓት በላይ ክፍት ቆየ፣ የሪአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። ሰዎቹ ሰነፍ አልነበሩም። የተማሩትን ነው ያደረጉት፤ ሥልጠናቸው ውሃው ከልክ በላይ እንዳይሞላ አጥብቆ ያስጠነቅቅ ነበር።

ከዛሬ ጀምሮ ደብተሩ ላይ አራተኛ ጥያቄ ገባ፦ ይህን ቁጥር የሚነግረኝ ማነው፣ በቀጥታ የሚለካውስ ምንን ነው?

ታኅሣሥ መጨረሻ

መብራት ሄደ። ውሃው 60 ላይ፣ ስክሪኑ ጨለማ። ልጆቹ ስልካቸውን አውጥተው ተቀመጡ። ጋሼ አስነሷቸው። "አሁን ነው ሥራው" አሏቸው። ዲመሩ የት ላይ ነበር? መብራት ሲመጣ ሂተሩ በስንት ይነሣል? አንዱ ጆግ ጨምሮ ዲመሩን ሙሉ ላይ ትቶት ነበር። ሄዶ ዜሮ አደረገው። ሴንሰር ሳይኖር ሙቀቱን እንዲገምቱም አደረግን። ደብተራቸው ላይ በየ10 ደቂቃው ግምት ይጽፋሉ። መብራት ሲመጣ አስተያየነው።

ማቆምና ማስነሣት ከመደበኛው ሥራ ይበልጥ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ቴክሳስ ሲቲ ላይ 15 ሰው የሞተበት የነዳጅ ማጣሪያ ፍንዳታ የደረሰው ሲያስነሡ ነው። ነዳጁ የሚለያይበት ማማ እየሞላ መለኪያው ይወርዳል ይል ነበር። እኛ አገር ደግሞ መብራት ስለሚቆራረጥ ማስነሣት ብዙ ጊዜ ይመጣል። ይህን ልምምድ ሆን ብለን ልናስገባው ነው።

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ

አርዱይኖ በምትባል ፕሮግራም የሚጻፍባት ትንሽ ሰሌዳ ላይ አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ ጻፍኩ። 60ን ከሁላችንም የተሻለ ይይዛል። ልጆቹ ደስ አላቸው፣ እኔም። ግን ለተወሰነ ጊዜ በአውቶማቲክ ብቻ የሠሩትን ድንገት ወደ ማኑዋል፣ ወደ እጅ ሥራ፣ ስንመልሳቸው መጀመሪያው ቀን የነበረው ተራራ ተመልሶ መጣ። ዲመሩን አውቶማቲኩ የት ላይ ይዞት እንደነበር እንኳ አላዩም።

ሊዛን ቤይንብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1983 ያለችው ይህን ነው። አውቶማቲክ ቀላሉን ሥራ ይወስዳል፣ ለሰውየው ከባዱን ይተውለታል። ያንን ከባድ ሥራ የሚሠራበትን የዕለት ልምምድ ደግሞ ይወስድበታል። የሚጠራው ነገሩ ሲበላሽ ብቻ ነው፤ ያኔ እጁ ዝጓል። እኔ አውቶማቲክን አልቃወምም፣ ሥራዬ ነው። ግን ማኑዋል አስነክቶ የማያውቅ ሥልጠና ሥልጠና ነው ብዬ አልቀበልም። ከአሁን በኋላ የእያንዳንዱ ልምምድ ግማሹ በእጅ ነው። አውቶማቲክ ሲሆንም ደብተሩ አይዘጋም፤ መቆጣጠሪያው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ገምተው ይጽፋሉ።

ጥር መጨረሻ

የአላርም ሰሌዳ እየሠራን ነው። ቀይ መብራቶችና አንድ ጩኸታም ድምፅ። የመጀመሪያው ዓይነት ሁሉንም ያስጮህ ነበር። ጆግ ሲጨመር፣ ሙቀት ሲወርድ፣ ኃይል ሲጨምር፣ መልሶ ሲወጣ። ልጆቹ ውሃውን ትተው ድምፁን ማጥፋት ጀመሩ። ስሪ ማይል አይላንድ ላይ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከ100 በላይ አላርም ነው የጮኸው። እንግሊዝ አገር የወጣ የታወቀ የአላርም መመሪያ በመደበኛ ሥራ ለአንድ ኦፕሬተር በ10 ደቂቃ ከ1 አላርም እንዳይበልጥ ይመክራል።

ልጆቹ ራሳቸው እንዲመርጡ አደረግን። እያንዳንዱ አላርም ሲጮህ ምን ታደርጋለህ? መልስ የሌለው ከሰሌዳው ይወጣል። ብዙው ወጣ። ከቀሩት አንዱ ላይ ክርክር ተነሣ። የአንኮበሯ ልጅ የሙቀቱ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሚለወጥበት ፍጥነትም ይጩህ አለች። 55 ሆኖ ቶሎ ቶሎ የሚወጣ ውሃ፣ 62 ላይ ከረጋው ይልቅ ያሳስበኛል ነው የምትለው። ጋሼ ተቀበሏት። ፕሮግራሙን እኔ እየጻፍኩ ነው፤ ሴንሰሩ ስለሚወላውል ፍጥነቱን ከሁለት ደቂቃ አማካይ ላይ እወስዳለሁ።

ለየካቲት ሁለተኛ ድስት እናስገባለን። የመጀመሪያው ውሃ ወደ ሁለተኛው ይፈሳል፣ የሚለካው ሁለተኛው ላይ ነው። መዘግየቱ ይበረታል፣ ማዞሪያው ግን አንድ ነው። ፓምፑ ተገኝቷል። ቱቦና ማያያዣ ቅዳሜ ገበያ ወጥተን እንፈልጋለን።